ሜዳው የማን ነው? ከተፈሪ መኮንን ግቢ እስከ በቆጂ፣ የስፖርተኛ ምልመላ ታሪክ



በተክለ ሃይማኖት፣ በአብነት፣ በሰንጋተራና በመርካቶ ዙሪያ ልጅ ያለው ወላጅ የምዝገባ ሰሞን ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይይዘዋል። "ልጄ ኳስ ይችላል። የት ላስመዝግበው? የመንግሥት ወይስ የግል? የት ቢማር ነው ክለብ የሚያየው?" አንዱ ጎረቤት "የግል አስገባው፣ ገንዘብ ባለበት ሁሉም አለ" ይለዋል። ሌላው ደግሞ "ኳስ ተጫዋች ከግል ትምህርት ቤት ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ?" ብሎ ይመልስለታል።

ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ነገሩን በደንብ ለመረዳት ግን ወደ ኋላ ሄዶ አንድ ነገር መጠየቅ ይጠቅማል፤ በዚህች ሀገር ስፖርተኛ የሚመለመለው ከየት ነበር? ማን ነበር የሚመለምለው? ታሪኩን ስንከታተል ደጋግሞ የሚመጣ አንድ መልስ አለ። ሜዳ፣ ጊዜና የሚያይ ሰው ያለው ቤት ነው ሲመለምል የኖረው። የትምህርት ቤቱ ክፍያ ውድ መሆኑ ወይም ነፃ መሆኑ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው። በፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብለን እንጽፋለን።)

የመጀመሪያው በር፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ

ዘመናዊ ትምህርት በአዲስ አበባ በሰፊው መነሻ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። በ1917 ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በስማቸው የሚጠራውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከፈቱ። የዛሬ ልጆች እንጦጦ ብለው የሚያውቁት ግቢ ነው። የውጭ አገር መምህራን ከፊደልና ከሒሳብ ጋር ኳስም ይዘው መጡ። ሰፊ ግቢ፣ የተወሰነ የጨዋታ ሰዓት፣ ፊሽካ የያዘ መምህር አብረው ተገኙ።

ከዚያ ግቢ የወጣ አንድ ልጅ ለኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን ለአፍሪካ እግር ኳስም ትልቅ ሰው ሆነ። ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ጅማ ተወልደው በተፈሪ መኮንን ተማሩ። በ1928 የአራዳ ወጣቶች ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲያቋቁሙ ይድነቃቸው ገና ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ ክለቡን ተቀላቅለው 23 ዓመት ያህል ተጫወቱለት። በ1949 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ይድነቃቸው ከ1964 ጀምሮ በ1979 እስኪሞቱ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛሬ "የመንግሥት ትምህርት ቤት" ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው አማራጭ ያጣ ሰው የሚልክበት ቦታ ነው። በዚያ ዘመን ነገሩ ተቃራኒ ነበር። ተፈሪ መኮንን፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የተከፈተው የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1946 የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት፣ እነዚህ ሁሉ የመንግሥት ናቸው፤ ሆኖም የሀገሪቱ ምርጥ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ሜዳ ነበራቸው፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ አዳሪ ተማሪዎችም ነበሯቸው። አዳሪ ተማሪ ከሰዓት በኋላ የሚሄድበት ሌላ ቤት የለውም፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ ይውላል። የስፖርት መምህሩም ሁሉንም ያያል።

የግል ትምህርት ቤት የሚባሉት የሚሲዮንና የውጭ ማኅበረሰቦች ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እነሱም የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የተደረገውን የመጀመሪያ ሻምፒዮና ተመልከቱ። 5 ቡድኖች ተወዳደሩ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ነበር። ከ5ቱ 4ቱ የየራሳቸውን ማኅበረሰብ ልጅ የሚሰበስቡ ናቸው። ለቀረው የከተማው ሕዝብ የነበረው አንድ ቡድን ነው። እሱም ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት በወረራው ዘመን ስሙን ተነጥቆ "ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር" ተብሎ እንዲጫወት የተገደደ ቡድን ነው።

ይህ የመጀመሪያው በር ጥሩ በር ነበር፤ ግን ጠባብ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ታየ፣ ያልገባው አልታየም። የእኛ አያቶች ልጆች በብዛት ከገቡት መካከል አልነበሩም። ቁርአን ቤት ይቀሩ ነበር፣ መርካቶ ሱቅ ያግዙ ነበር፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሃይማኖታቸውን ያስለውጣቸዋል ብሎ የሚሰጋ ወላጅም ብዙ ነበር። እግራቸው ከሌላው ልጅ እግር አያንስም። የሚመለምለው ዓይን ግን እነሱ ባሉበት ሰፈር አልቆመም። ይህን ሳይነቅፍና ሳያማርር ማስታወስ ይገባል። አንድ በር ብቻ ሲኖር ከበሩ ውጪ የቀረው ልጅ ችሎታ እንደሌለው ይቆጠራል።

ሁለተኛው በር፦ ካምፕና ፋብሪካ

በሩ የሰፋው ከትምህርት ቤት ውጪ ነው። ጳጉሜን 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው። በ1961 ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ያሸነፈው ማሞ ወልዴም የክብር ዘበኛ ነው። በ1972 ሞስኮ ላይ 5,000 እና 10,000 ሜትር የወሰደው ምሩጽ ይፍጠር የአየር ኃይል ሰው ነበር። በዚያው የ10,000 ሜትር ሩጫ የነሐስ ሜዳሊያ ያመጣው መሐመድ ከድር መሆኑንም ወጣቶቻችን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ካምፕ ለምን አትሌት አፈራ? ለወታደሩ ምግብ አለው፤ ልምምድ ሥራው ነው፤ አሠልጣኝ በየቀኑ ያየዋል፤ የትምህርት ማስረጃም አይጠየቅም። ፋብሪካም እንደዚሁ ነው። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ የሀገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል። በጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ የዚህ ቡድን ተጫዋች ነበር። ወንድሙ ኢታሎ በዚያ ቀን ግብ አገባ፤ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ የመጨረሻዋን ጨመረ። ብሔራዊ ቡድኑን ሲመሩ ከነበሩት አንዱ የተፈሪ መኮንኑ ተማሪ ይድነቃቸው ነበሩ።

እንግዲህ በዚያ አንድ ዋንጫ ውስጥ የትምህርት ቤት ግቢ፣ የሰፈር ሜዳና የፋብሪካ ሜዳ ተገናኝተዋል። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ በሮቹ ከአንድ በላይ ነበሩ።

"የሕዝብ ትምህርት ቤት" የሚለው ስም

የተክለ ሃይማኖት ሽማግሌዎች "የሕዝብ ትምህርት ቤት" ሲሉ ከሰማችሁ "የመንግሥት" ማለታቸው ብቻ አይደለም። ስሙ የራሱ ታሪክ አለው። ደርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው አዋጅ የግል ትምህርት ቤቶችን ወረሰ። የተወረሱትም "የሕዝብ" ተባሉ። ስለዚህ በእኛ አገር "የሕዝብ" የሚባለው ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የግል የነበረ ነው።

ስፖርቱም በዚያው ዘመን እንደገና ተዋቀረ። ውድድሩ በቀበሌ፣ በከፍተኛና በመሥሪያ ቤት ሆነ። ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ ስሙ ተቀይሮ የቢራ ፋብሪካው ቡድን ተብሎ የተጫወተበት ጊዜ አለ። የሠራዊቱ መቻል፣ የፖሊሱ ኦሜድላ፣ የመብራት ኃይልና የሲሚንቶ ቡድኖች የከተማውን ልጅ ይሰበስቡ ነበር።

በዚያ ዘመን የተለመደ ሌላ ነገር ደግሞ ፈረቃ ነው። ተማሪው በዝቶ ክፍሉ ስላነሰ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይማር ነበር። ለትምህርት ጥራት ጉዳት ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ለኳስ ግን ያልታሰበ ዕድል ሆነ። ልጁ ግማሽ ቀን አለው፤ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጪም ገና ያልታጠረ ባዶ ቦታ አለ። የቀበሌ ውድድር ላይ ደግሞ የክለብ ሰው ቆሞ ያያል። የብዙ ሰፈር ጎበዝ ተጫዋች የተገኘው እንዲህ ነው። የተማረበት ትምህርት ቤት ስላሠለጠነው ሳይሆን ጊዜ ስለተረፈለትና ሜዳ ስላገኘ ነው።

ሦስተኛው ዘመን፦ ክፍያ

በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለግል ትምህርት ቤቶች በሩን መልሶ ከፈተ። በአዲስ አበባ ቁጥራቸው በፍጥነት አደገ። ለትምህርት ያመጡትን በጎ ነገር መካድ አይቻልም። ለስፖርት ግን አንድ እንቆቅልሽ አብሮ መጣ።

በአሜሪካም በእንግሊዝም የግል ትምህርት ቤት ማለት ሰፊ ሣር ሜዳ ማለት ነው። በእኛ ከተማ ግን ብዙ የግል ትምህርት ቤት የተጀመረው ለመኖሪያ በተሠራ ቪላ ውስጥ ነው። ግቢው መኪና ማቆሚያ ታህል። ልጆች በእረፍት ሰዓት እንዳይጋጩ ሩጫ ይከለከላል። "ሰውነት ማጎልመሻ" የሚባለው ክፍለ ጊዜ ደብተር ላይ ማስታወሻ የሚጻፍበት ትምህርት ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ቱቶሪያል አለ፤ ቅዳሜም ማጠናከሪያ አለ። የተለየ ምሳሌ የለም ማለት አይደለም። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ቸርቸል ጎዳና ወረድ ብሎ ያለው እንደ ሊሴ ገብረ ማርያም ያለ ከጥንት ጀምሮ የራሱ ሰፊ ግቢ ያለው በክፍያ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ። ብዙኃኑ ግን እንዲያ አይደለም።

የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለበት። ግቢው ሰፊ ነው፤ ከቀድሞ የወረሰው ሜዳ አለው። አንድ የስፖርት መምህር ግን በሳምንት ብዙ ክፍል ያስተምራል፤ ኳሱ ትንሽ፣ ተማሪው ብዙ ነው። ተጨማሪ ክፍል ሲያስፈልግም መጀመሪያ የሚታየው ባዶ መሬት ሜዳው ነው። ሕንፃ አንዴ ከቆመ በኋላ ሜዳ አይመለስም።

በሁለቱም ላይ ፈተናው ተጨመረ። በ2014 እና በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 100 ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 4 እንኳ አልሞሉም። ይህን የሰማ ወላጅ "ኳስህን ተውና አጥና" ቢል ማን ይፈርድበታል?

ከሰፈር ውጪም ቦታው ጠበበ። በልደታና በሰንጋተራ የቆዩ መንደሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየምና ሕንፃ ቆሙ። የጨርቅ ኳስ ይመታባቸው የነበሩ ክፍት ቦታዎች አብረው ሄዱ። በቅርብ ዓመታት የከተማው አስተዳደር በየሰፈሩ አነስተኛ ሜዳዎችን መሥራቱ መልካም ነው፤ ለ11 ሰው ጨዋታ ግን አይበቁም።

ታዲያ ዛሬ ምልመላው የት ነው ያለው? በአመዛኙ ከሁለቱም ትምህርት ቤት ውጪ ወጥቷል። ወጣቶች "ፕሮጀክት" የምንለው የታዳጊዎች ሥልጠና አለ፤ የክለቦች ተስፋ ቡድን አለ፤ በወር ክፍያ ቅዳሜና እሑድ የሚያሠለጥኑ አካዳሚዎችም በዝተዋል። ከፕሮጀክቶቹ ብዙዎቹ በአሠልጣኙ በጎ ፈቃድ የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ አላህ ይክፈላቸው። አካዳሚው ግን የሚያየው የከፈለውን ነው። ታኬታ፣ ማልያ፣ ትራንስፖርትና የወር ክፍያ ሲደመር የቀን ሠራተኛው ልጅ ከበሩ ውጪ ይቀራል። ከ80 ዓመት በፊት ትምህርት ቤት ያልገባው ልጅ እንዳልታየ ሁሉ ዛሬ ያልከፈለው አይታይም።

ጨዋታ ከባለቤቱ ሲወሰድ

ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ አገር እንሂድ። ላክሮስ የሚባል ጨዋታ አለ፤ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየቀለቡ የሚጫወቱት። መነሻው የሰሜን አሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ናቸው፤ በተለይ ሆዴኖሾኒ የሚባሉት እንደ አምላካቸው ስጦታ ያዩታል። ሜዳው ሰፊ ምድር ነበር፤ መንደር ከመንደር ይገጥም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1867 ዊልያም ጆርጅ ቢርስ የሚባል የሞንትሪያል የጥርስ ሐኪም ሕጉን ጽፎ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1880 የካናዳው ማኅበር "አማተር ብቻ" የሚል ደንብ አጠበቀ። ቀደምቶቹ ሕዝቦች ለጉዞ ወጪ ገንዘብ ይቀበሉ ስለነበር ከሻምፒዮናው ወጡ። ጨዋታውን የፈጠሩት ሰዎች በገዛ ጨዋታቸው ተከለከሉ። ከዚያ በኋላ ላክሮስ በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ክፍያቸው ከባድ የሆኑ የግል ትምህርት ቤቶችና የታወቁ ኮሌጆች መለያ እየሆነ ሄደ። ዱላው፣ ቆቡ፣ የክረምት ውድድሩ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ኮሌጆች ተጫዋች ሲመለምሉ የሚሄዱት ብዙ ጨዋታ በአንድ ቀን ወደሚያዩበት የክፍያ ውድድር ነው።

ፉክክሩ ጠንክሮ ጠንክሮ የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ለኮሌጅ ቃል እስከመግባት ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2017 የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር አሠልጣኞች ከተማሪው ጋር ስለ ምልመላ መነጋገር የሚችሉት 11ኛ ክፍል ከሚጀምርበት መስከረም ጀምሮ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ልጅን ገና ሳያድግ መግዛት ስህተት መሆኑን ያመኑት ዘግይተው ነው።

ሆኖም እዚያም ቢሆን መንግሥታዊው ትምህርት ቤት ሜዳና አሠልጣኝ ሲኖረው ተአምር ያወጣል። በአሜሪካን ፉትቦል ዓለም የሚያውቀው ጂም ብራውን በላክሮስም ከታላላቆቹ አንዱ ነው። የተማረው ኒውዮርክ አጠገብ በሚገኝ ማንሃሴት በሚባል የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

እንግሊዝንም እንይ። በዚያ አገር በግል ትምህርት ቤት የሚማረው 7 በመቶ ያህል ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ ሜዳሊያ ካመጡት እንግሊዛውያን ግን ከሦስተኛው እጅ በላይ ከዚያ የመጡ ናቸው። የቀረው 93 በመቶ ልጅ ጉልበት አንሶት አይደለም። ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሜዳቸውን ሸጠዋል፤ የግሎቹ ጠብቀውታል።

በቆጂ፦ የአንድ መምህር ዓይን

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አርሲ ውስጥ በቆጂ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ መምህራን አንዱ ስንታየሁ እሸቱ ነበር፤ የስፖርት መምህር። ክፍያ አይጠይቅም፤ አካዳሚ የለውም፤ ፊሽካና ሰዓት አለው። ተማሪዎቹን በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ያያል፤ እርምጃው የተለየውን ልጅ ማለዳ ወደ ጫካው ይወስደዋል።

በእጁ ካለፉት መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ አሉ። ደራርቱ በ1984 ባርሴሎና ላይ፣ ከዚያም በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። ቀነኒሳ በአቴንስ አንድ፣ በቤጂንግ ሁለት ወርቅ አመጣ። ጥሩነሽ በቤጂንግ ሁለት፣ በለንደን አንድ አመጣች። ከዚያው ከበቆጂ አካባቢ የወጣችው እህታችን ፋጡማ ሮባ በ1988 አትላንታ ላይ ማራቶን አሸንፋ በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። የ4ቱ ሲደመር 9 የኦሎምፒክ ወርቅ ነው። ይህን ያህል ወርቅ በታሪካቸው ያላገኙ ብዙ አገሮች አሉ።

"ከፍታው ነው" የሚል ይኖራል። ከፍታው ይረዳል። ግን በቆጂን የሚያህል ከፍታ ያላቸው ስንት የደጋ ከተሞች አሉ፤ ስንቶቹ ይህን አፈሩ? ልዩነቱ በቆጂ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ማየቱ ነው። የቆመውም ሁሉም ልጅ በሚያልፍበት ቦታ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። የገበሬው ልጅ፣ የነጋዴው ልጅ፣ ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ፣ ወንዱ፣ ሴቷ ሁሉም በዚያ በር ያልፋሉ። ሩጫ ሜዳ አያስፈልገውም፤ መንገድ ይበቃዋል። ኳስ ግን ሜዳ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከተማችን የበቆጂን ትምህርት ለኳስ ልትጠቀምበት ከፈለገች ሜዳዋን መጠበቅ ያለባት።

ወረቀትና ገንዘብ

ትምህርት ቤት ለምልመላ የሚሰጠው ሌላ ብዙ ሰው ያላሰበው ነገር አለ፤ መዝገብ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በኤምአርአይ ያስመረምራል። ዕድሜ መደበቅ በአፍሪካ የታወቀ ችግር ስለሆነ ነው። በአገራችን ወሳኝ ኩነት በመላ አገሪቱ መመዝገብ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ ልጅ ጥሩው ምስክር 1ኛ ክፍል ሲገባ የተጻፈው መዝገብ ነው። ከትምህርት ቤት የተመለመለ ልጅ ዕድሜው ይታወቃል። ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ በደላላ እጅ ይወድቃል፤ ዕድሜውም እንደ ገበያው ይቀነሳል፤ በመጨረሻ ማሽኑ ሲያጋልጠው የሚቀጣው እሱ ነው።

ገንዘቡም የራሱ ሕግ አለው። አንድ ተጫዋች ከአንድ አገር ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ በዝውውር ሲሸጥ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ዝውውሩ 1 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን 50,000 ዶላር ማለት ነው። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላሠለጠነው ክለብ ለእያንዳንዱ ዓመት 2,500 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ላሠለጠነው ለእያንዳንዱ ዓመት 5,000 ዶላር ይደርሳል። ሕጉ የሚያውቀው በፌዴሬሽን የተመዘገበን ክለብ ነው። ትምህርት ቤቱ ክለብ ሆኖ ካልተመዘገበ፣ መምህሩም ልጁን 4 ዓመት ቢያሠለጥነው፣ ምንም አያገኙም። 2,500 ዶላር ለአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስንት ኳስ እንደሚገዛ እናንተው አስሉት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ወላጅ ሆይ፣ "የመንግሥት ወይስ የግል?" ከማለትህ በፊት ግቢውን ዞረህ እይ። ልጅ የሚሮጥበት ቦታ አለ? የስፖርት መምህሩ ፊሽካ ይዞ ሜዳ ላይ ይቆማል ወይስ ክፍል ውስጥ ያስጽፋል? ትምህርት ቤቱ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ይገጥማል? ከክፍል ሰዓት ውጪ ለልጁ ስንት ሰዓት ይተርፈዋል? የእነዚህ መልስ ጥሩ ከሆነ የደጁ ታፔላ የማንም ይሁን፣ ልጅህ ይታያል። መጥፎ ከሆነ ከፍለህም አይታይም።

ልጅህ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከተማረ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ቅር አትበል። ሜዳው ላይ ምን ይሠራ የሚለው የሚነሳው እዚያ ነው። የግል ከተማረ ደግሞ ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት ሜዳ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ እንዲጠቀም ጠይቅ። የግሉ ኳስና መረብ ያምጣ፣ የመንግሥቱ ሜዳውን ይስጥ። በአንድ ሰፈር ያሉ ልጆች በአንድ ሜዳ ቢጫወቱ የሚጎዳ ማንም የለም።

ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ አንድ ዘመን በሰፈር ቡድን የተጫወትክ፣ ዛሬ ሱቅ ከፍተህ ወይም ተቀጥረህ ያለህ፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ለቅርብህ ትምህርት ቤት ስጥ። መምህሩ ብቻውን ነው። በቆጂ ላይ የነበረው አንድ ሰው ነው፤ ተክለ ሃይማኖት ላይ ሁለት ሦስት ሰው ማግኘት አያቅተንም። የሠለጠኑትን ልጆች ስም፣ የትውልድ ቀንና ያሠለጠናችሁበትን ዓመት በመዝገብ ያዙ፤ ትምህርት ቤቱም ቡድኑን በክፍለ ከተማው ፌዴሬሽን በኩል እንዲያስመዘግብ ገፋፉት።

በ1928 አንድ ክለብ ሲመሠረት ከከተማው ልጅ አብዛኛው ከበሩ ውጪ ነበር። በ1954 ዋንጫ ሲነሳ በሩ ሰፍቶ ነበር። ዛሬ እንደገና እየጠበበ ነው፤ የሚያጠበው ደግሞ የወር ክፍያ ነው። ሁሉም የሰፈር ልጅ ሳይከፍል የሚገባበት ግቢ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነውና ሜዳው ላይ ሕንፃ ሳይቆምበት እንድረስለት።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏህ።